የተጠቃሚን የግል ምላሽ በክላውድ ኤፒአይ ላይ ካሽ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ የሚጠያየቁበት በር) ሠርተው ክላውድ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነሥተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ካሽ ምን ይሠራል? የተጠቃሚ መረጃ ሲሆንስ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል?

ካሽ አንድ ጊዜ የተዘጋጀን ምላሽ አስቀምጦ፣ ያንኑ ጥሪ (ለሰርቨሩ የሚላክ ጥያቄ) ይዞ ለመጣ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ድካም መልሶ የሚሰጥ ማከማቻ ነው። ዳታቤዙ ዳግመኛ አይጠየቅም፣ ስሌቱም ዳግመኛ አይሠራም። ምላሹ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ የአገሮች ዝርዝር ወይም የምርት መግለጫ ከሆነ፣ ካሹ ቢሳሳት የሚደርሰው ጉዳት ያረጀ መረጃ ማሳየት ነው። ተጠቃሚው ያጉረመርማል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የግል ምላሽ ላይ ግን ስሕተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ካሽ ጥሪን ከጥሪ የሚለየው በቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአድራሻው ጽሑፍ ብቻ ነው። «የእኔ ሂሳብ» የሚለው አድራሻ ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ ስለሆነ፣ ቁልፉ ማንነትን ካላካተተ ቀድሞ የጠየቀው ሰው ሂሳብ ቀጥሎ ለመጣው ይታያል። ማስጠንቀቂያ የለም፤ የስሕተት ኮድ የለም፤ ሎጉ (የጥሪዎቹ መዝገብ) ላይ የሚታየው ፈጣንና የተሳካ ምላሽ ነው። የካሽ ቁልፍ እንደ ፍጥነት ጉዳይ ሲታይ ይኖራል፤ በእኔ እምነት ግን ማን ምን ያያል የሚለውን የሚወስን የፈቃድ ድንበር ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

የግል መረጃን ጭራሽ ካሽ ባላደርግስ?

ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ይኸው ነው። ዝግ ያለው ጥሪ የዘገየው ኢንዴክስ (የዳታቤዝ ማውጫ) ስለጎደለው ወይም በአንድ ጥሪ ውስጥ ዳታቤዙን መቶ ጊዜ ስለሚጠይቅ ከሆነ፣ ካሽ በሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። መጀመሪያ ይለኩ፤ የቱ ጥሪ በምን ያህል ጊዜ እንደሚደጋገምና ምን ያህል እንደሚፈጅ ሳያውቁ የግል መረጃ አንድ ተጨማሪ ቦታ ላይ ማስቀመጥ አይገባም።

ካሽ የሚገባቸው የግል ምላሾች ግን አሉ። ከብዙ ሠንጠረዦች የሚደመር የማጠቃለያ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ጥሪ የሚከፈልበት የውጭ አገልግሎት ውጤት፣ ወይም በየጥሪው የሚፈለግ የፈቃድ ዝርዝር ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ምላሹ በመንገዱ ላይ የት የት ሊቀመጥ ይችላል?

በተጠቃሚው ብሮውዘር ወይም የሞባይል መተግበሪያ ውስጥ፣ በሲዲኤን (ምላሾችን በተለያዩ አገሮች ለተጠቃሚው ቅርብ አድርጎ በሚያስቀምጥ የሰርቨሮች መረብ)፣ በኤፒአይ ጌትዌይ (ጥሪዎች ሁሉ በሚያልፉበት መግቢያ)፣ ከሰርቨሩ ፊት በቆመ ፕሮክሲ (አስተላላፊ ሰርቨር)፣ በፕሮግራሙ በራሱ ሜሞሪ፣ እንዲሁም እንደ ሬዲስ እና ሜምካሽድ ባሉ የጋራ ማከማቻዎች። ከእነዚህ ውስጥ «የግል» ሊባል የሚችለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹ በሙሉ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ የጋራ ካሾች ናቸው።

ኤችቲቲፒኤስ (የተመሠጠረ ግንኙነት) ስለምንጠቀም ይህ አያሳስብም የሚሉ አሉ። ኤችቲቲፒኤስ መሐል መንገድ ላይ ያለ እንግዳ ፕሮክሲ ምላሹን እንዳያነብ ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ሲዲኤኑንና ጌትዌዩን ያቆሟቸው እርስዎ ነዎት። ምሥጠራው እዚያ ተፈትቶ ምላሹ በግልጽ ይነበባል፤ ስለዚህ አደጋው ያለው እርስዎ ራስዎ ባስቀመጧቸው ንብርብሮች ላይ ነው።

«ፕራይቬት»፣ «ኖ-ካሽ» እና «ኖ-ስቶር» በምን ይለያያሉ?

ሦስቱም በካሽ-ኮንትሮል ሄደር (ከምላሹ ጋር በሚላክ የመግለጫ መስመር) ውስጥ የሚጻፉ ትእዛዞች ናቸው፤ ትርጉማቸውን የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የወጣው አርኤፍሲ 9111 የተባለ የኢንተርኔት ደንብ ነው። «ፕራይቬት» የጋራ ካሽ ምላሹን እንዳያስቀምጥ ይከለክላል፤ ብሮውዘር ግን ማስቀመጥ ይችላል። «ኖ-ስቶር» ማንም የትም እንዳያስቀምጠው ያዝዛል። ስሙ የሚያሳስተው «ኖ-ካሽ» ነው፤ ማስቀመጥን አይከለክልም። የሚለው «አስቀምጥ፤ ግን ዋናውን ሰርቨር ሳትጠይቅ እንዳትሰጥ» ነው። ስለዚህ «ኖ-ካሽ» ብቻውን የተጻፈበት የግል ምላሽ በሲዲኤን ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

ምንም ሳይጽፉ መተው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሄደሩ በሌለበት ካሽ የራሱን ግምት እንዲጠቀም ደንቡ ይፈቅድለታል፤ የተለመደው ግምት ምላሹ መጨረሻ ከተሻሻለ ወዲህ ካለፈው ጊዜ 10 በመቶ ነው። በዚህ መንገድ 200 (የተሳካ ምላሽ) ብቻ ሳይሆን 404ም (አልተገኘም የሚለው) ሊቀመጥ ይችላል። የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ኤፒአዩ በሙሉ በአንድ ማዕከላዊ ቦታ «ፕራይቬት፣ ኖ-ስቶር» የሚል ነባሪ ሄደር ይኑረው፤ ካሽ መሆን የሚገባው አድራሻ በኮድ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ፣ በሌላ ባለሙያ ታይቶ ይፈታ። የተረሳ አድራሻ ዝግ ይሁን እንጂ ክፍት አይሁን።

ጥሪው የኦተራይዜሽን ሄደር ካለው ካሹ በራሱ አይተወውም?

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ የኦተራይዜሽን ሄደር (ተጠቃሚው ሲገባ የተሰጠው የማንነት ማረጋገጫ፣ ማለትም ቶክን፣ የሚላክበት) ያለው ጥሪ ያስገኘውን ምላሽ የጋራ ካሽ ማስቀመጥ አይችልም፤ ምላሹ «ፐብሊክ»፣ «መስት-ሪቫሊዴት» ወይም «ኤስ-ማክስኤጅ» የሚል ትእዛዝ ከያዘ ግን ይችላል። ሦስቱን ልብ ይበሉ። «ኤስ-ማክስኤጅ»ን (የጋራ ካሽ ምላሹን የሚይዝበትን ጊዜ የሚወስነውን) ለፍጥነት ብሎ የጨመረ ሰው ሳያውቀው ጥበቃውን አንሥቷል። በኩኪ የሚገቡ ተጠቃሚዎችን በተመለከተ ደግሞ ደንቡ ተመሳሳይ ጥበቃ አልሰጠም፤ ኩኪ ለካሽ እንደማንኛውም ሄደር ነው።

የምርቶቹ ባሕርይ ከደንቡም ይለያል፤ እርስ በርሱም ይለያያል። ቫርኒሽ የተባለው የካሽ ፕሮክሲ በነባሪ አቀማመጡ ኩኪም ሆነ ኦተራይዜሽን ያለውን ጥሪ ካሽ አያደርግም። ኤንጂንኤክስ የተባለው የዌብ ሰርቨር ግን የፕሮክሲ ካሹ ሲከፈት ሴት-ኩኪ (ለብሮውዘሩ ኩኪ የሚሰጥ ሄደር) ያለውን ምላሽ ይተዋል እንጂ የጥሪውን ኦተራይዜሽን ሄደር አይመለከትም፤ ነባሪ ቁልፉም ከፕሮቶኮሉ፣ ከሰርቨሩ ስምና ከአድራሻው የተሠራ ነው። የማይክሮሶፍት ክላውድ የአዠር ጌትዌይ የሆነው ኤፒአይ ማኔጅመንት በግልጽ ካልተፈቀደለት ኦተራይዜሽን ያለውን ጥሪ አያስቀምጥም። የአማዞን ሲዲኤን በሆነው ክላውድፍሮንት ላይ ደግሞ ዝቅተኛው የቆይታ ጊዜ ከዜሮ በላይ ከተደረገ፣ ዋናው ሰርቨር «ፕራይቬት» ወይም «ኖ-ስቶር» ቢልም ምላሹ ለዚያ ዝቅተኛ ጊዜ ይቀመጣል። በኮዱ ውስጥ ትክክለኛ ሄደር ጽፎ በሌላ ክፍል የተሞላ አንድ ቁጥር ሥራውን ሲሽረው ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ የኤፒአዩ ኮድና የሲዲኤኑ ውቅር በአንድ ሰው ዓይን ሥር ቢያልፉ ይመረጣል።

«ቬሪ፦ ኦተራይዜሽን» ብዬ ብጽፍ አይበቃም?

በደንቡ መሠረት ትክክል ነው፤ ካሹ የተለያየ ቶክን ላላቸው ጥሪዎች የተለያየ ቅጂ እንዲይዝ ያዝዛል። በተግባር ግን ሁሉም ሲዲኤን የቬሪ ሄደርን በሙሉ አያከብርም፤ አንዳንዶቹ ከመጭመቂያ ዓይነት በቀር ሌላውን ይዘልሉታል። የማይከበር ጥበቃ ላይ መደገፍ ካለመደገፍ ይብሳል። ቬሪን እንደ ተጨማሪ አጥር ይጻፉት፤ ዋናው መለያ ግን እርስዎ በግልጽ ያዋቀሩት የካሽ ቁልፍ ይሁን። ከዚያም በላይ የግል ምላሽ በሲዲኤን ላይ የሚቀመጥበት በቂ ምክንያት ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር በመላው ዓለም ቢባዛ የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

በራሴ ማከማቻ ላይ ሲሆን ቁልፉን እንዴት ልሥራው?

ከሁሉም በፊት ማንነቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። የተጠቃሚው መለያ መወሰድ ያለበት ፊርማው ከተረጋገጠ ቶክን ወይም ከሰርቨር ወገን ክፍለ ጊዜ (ሴሽን) ነው። ደንበኛው በሄደር ወይም በአድራሻው ውስጥ «እኔ ተጠቃሚ 907 ነኝ» ብሎ የላከውን ቁጥር ቁልፍ ውስጥ ማስገባት፣ 908 ብሎ ለሚልከው በር መክፈት ነው። ጄደብሊውቲ (የተፈረመ የቶክን ዓይነት) የሚጠቀሙ ከሆነ የባለቤቱ መለያ ልዩ የሚሆነው በአውጪው ወሰን ውስጥ ብቻ መሆኑን አይርሱ፤ ከሁለት የመግቢያ አገልግሎቶች ተጠቃሚ የሚቀበል ኤፒአይ አውጪውንም በቁልፉ ውስጥ መጨመር አለበት። ብዙ ድርጅቶችን የሚያገለግል ሥርዓት ደግሞ የድርጅቱ መለያ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ሰው በሁለት ድርጅቶች ውስጥ አባል ሊሆን ይችላልና።

ቀጥሎ ምላሹን የሚቀይር ነገር ሁሉ ይግባ፦ የገጽ ቁጥር፣ ማጣሪያ፣ ቋንቋ፣ የኤፒአዩ ሥሪት፣ የተጠቃሚው የፈቃድ ደረጃ። ክፍሎቹን ያለ መለያ ምልክት አያጣብቁ፤ ድርጅት 1 ተጠቃሚ 23 እና ድርጅት 12 ተጠቃሚ 3 ሁለቱም 123 ይሆናሉ። መለያ ምልክቱ ራሱ በእሴቱ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ከሆነም ያው ችግር ይመለሳል፤ ስለዚህ በእሴቶቹ ውስጥ ያለውን መለያ ምልክት ቀድሞ በሌላ ኮድ መተካት ወይም የእያንዳንዱን ርዝመት መጻፍ ያስፈልጋል። ሜምካሽድ ከ250 ባይት የሚረዝም ቁልፍ አይቀበልም፤ ረጅሙን ቁልፍ በሻ-256 ስሌት ወደ ሃሽ (ቋሚ ርዝመት ያለው አሻራ) መቀየር ይሻላል። የኢሜይል አድራሻና ጥሬ ቶክን በቁልፍ ውስጥ አይግቡ፤ ቁልፎች በሎግና በመከታተያ ገጾች ላይ እንደልብ ይታያሉ።

አሁን ብዙዎች የሚዘልሉት ነጥብ ይመጣል። የተጠቃሚው መለያ በሆነ ምክንያት ባዶ ቢሆንስ? በብዙ ቋንቋዎች ባዶ እሴት ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ዝም ብሎ «ነል» ወይም ባዶ ሐረግ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መለያ ያጡ ተጠቃሚዎች ሁሉ አንድ ቁልፍ ይጋራሉ። ቁልፉን የሚሠራው ተግባር መለያ ሲያጣ ሥራውን በስሕተት ያቁም። ይህ ተግባር በኮዱ ውስጥ አንድ ብቻ ይሁን፤ እያንዳንዱ ፕሮግራመር በየፋይሉ የራሱን ቁልፍ የሚገጣጥምበት ቤት ውሎ አድሮ ይሳሳታል።

ቶክኑን ራሱን ቁልፍ ማድረግ አይቀልም?

ይቀላል፤ ግን ቶክኑ በታደሰ ቁጥር ካሹ ባዶ ይሆናል፣ ያንኑ ተጠቃሚም በሁለት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ያስቀምጣል። መረጃው ሲቀየር ደግሞ የዚያን ተጠቃሚ ቅጂዎች ሁሉ ፈልጎ ማጥፋት አይቻልም። የቶክኑ ሃሽ ቁልፍ መሆን የሚስማማው የቶክኑን የማረጋገጫ ውጤት ለማስቀመጥ ነው። እዚያም ቢሆን የቆይታው ጊዜ ከቶክኑ ማብቂያ ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ፈቃድ የማረጋግጠው ካሹን ከማንበቤ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በፊት፤ ሁልጊዜ። ቅደም ተከተሉ ማንነትን ማረጋገጥ፣ ፈቃድን መመርመር፣ ከዚያ ካሹን ማንበብ ነው። ብዙ የኮድ ማዕቀፎች ካሽን እንደ ተጨማሪ ንብርብር ስለሚጨምሩት፣ ንብርብሩ በስሕተት ከማረጋገጫው ፊት ቢቀመጥ ያልገባ ሰውም የተቀመጠውን ምላሽ ያገኛል። በማይክሮሶፍት የኮድ ማዕቀፍ በኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ያለው «አውትፑት ካሽ» በነባሪው የገባ ተጠቃሚን ምላሽ አያስቀምጥም፤ ያን ነባሪ የሚሽር ሰው ኃላፊነቱን ይወስዳል።

በአማዞን ኤፒአይ ጌትዌይ ላይ ሁለት የተለያዩ ካሾች መኖራቸው ብዙዎችን ያደናግራል። አንዱ የምላሽ ካሽ ነው፤ ነባሪ ቆይታው 300 ሰከንድ፣ ከፍተኛው 3600 ሰከንድ ሲሆን፣ ሄደርን ወይም የአድራሻ መለኪያን የቁልፉ አካል የሚያደርገው እርስዎ ለይተው ሲመርጡት ብቻ ነው። ሁለተኛው የፈቃድ ሰጪው ውጤት ካሽ ነው፤ የእሱም ነባሪ 300 ሰከንድ ነው። ይህ ማለት ዛሬ ፈቃዱ የተነጠቀ ተጠቃሚ እስከ አምስት ደቂቃ ድረስ መግባቱን ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። ለብዙ ሥራ ይህ ችግር አይሆንም፤ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅስ ጥሪ ግን ቁጥሩን ዝቅ ያድርጉት ወይም ዜሮ ያድርጉት።

አንድ ዓይነት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አንድ ቅጂ ቢጋሩስ?

ይቻላል፤ ጥሩ ትርፍም አለው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ የሒሳብ ሠራተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ሪፖርት የሚያዩ ከሆነ ቁልፉ ድርጅቱንና የሥራ ድርሻውን ቢይዝ ይበቃል። ቅድመ ሁኔታው ምላሹ ከዚያ ድርሻ በቀር በማንም ማንነት አለመመሥረቱ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው እዚያው ምላሽ ውስጥ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል መስመር ከነስም ቢጨምር ሥራው ይበላሻል። ለዚህ የሚረዳው ምላሹን የሚያዘጋጀው ተግባር የተጠቃሚውን መለያ ጨርሶ እንዳይቀበል ማድረግ ነው፤ ያልተሰጠውን ሊጽፍ አይችልምና።

ግማሹ የጋራ፣ ግማሹ የግል የሆነ ምላሽ ምን ይደረግ?

ይከፋፈል። የምርቱ መግለጫና ሥዕል በአንድ አድራሻ «ፐብሊክ» ተብሎ ረጅም ዕድሜ ይሰጠው፤ «ይህን ወድደውታል» የሚለው ምልክት ደግሞ በሌላ አድራሻ «ፕራይቬት» ሆኖ ይምጣ። ሁለቱን ደንበኛው ያጋጥማቸዋል። አንድ ጥሪ ይጨመራል፤ ሆኖም አብዛኛው ክብደት ከሲዲኤን ስለሚመጣ በድምሩ ይፈጥናል። ግራፍኪውኤል (ደንበኛው የሚፈልጋቸውን መስኮች ራሱ የሚመርጥበት የኤፒአይ ቋንቋ) የምትጠቀሙ ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት፤ ጥሪው በፖስት (መረጃ በሚላክበት የጥሪ ዓይነት) ሲሄድ ሲዲኤን ስለማይነካው ሰላም ነው፣ ነገር ግን ሰርቨሩ ላይ ቀድመው የተመዘገቡ ጥያቄዎች ወደ ጌት (መረጃ ለማንበብ ወደሚውለው የጥሪ ዓይነት) ሲቀየሩ ትናንት ደህና የነበረው ድብልቅ ምላሽ ዛሬ ሊቀመጥ የሚችል ይሆናል።

ተጠቃሚው መረጃውን ሲቀይር የድሮው እንዳይመለስ ምን ላድርግ?

የተለመደው መንገድ ዳታቤዙ ላይ ጽፎ፣ ግብይቱ (ትራንዛክሽኑ) ከጸና በኋላ ቁልፉን ማጥፋት ነው። አንድ ተጠቃሚ ብዙ ቁልፎች ሲኖሩት (ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ የተጣራው ዝርዝር) ሁሉንም ማሳደድ አድካሚ ነው። ሬዲስ ላይ በስም ዘይቤ ቁልፍ የሚፈልገው «ኪይስ» ትእዛዝ ሥራው እስኪያልቅ ሰርቨሩን ስለሚይዘው በሥራ ላይ ባለ ሥርዓት አይመከርም። የሚሻለው ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሥሪት ቁጥር መያዝና በቁልፉ ውስጥ ማስገባት ነው፤ መረጃው ሲቀየር ቁጥሩ በአንድ ያድጋል፣ የድሮዎቹ ቁልፎች ማንም ሳይጠይቃቸው ዕድሜያቸው ያልቃል። የፈቃድ ለውጥንም በዚሁ ቁጥር ማስተዳደር ይቻላል።

እዚህ ላይ ስውር እሽቅድምድም አለ። አንድ ጥሪ የድሮውን እሴት ከዳታቤዝ ያነባል፤ ገና ሳያስቀምጠው ሌላ ጥሪ አዲስ እሴት ጽፎ ቁልፉን ያጠፋል፤ ከዚያ የመጀመሪያው የያዘውን አሮጌ እሴት ካሽ ላይ ያኖረዋል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ሜምካሽድን እንዴት እንዳሰፋ ባቀረበው ጽሑፍ ለዚህ የገለጸው መፍትሔ ካሹ ለአንባቢው ጊዜያዊ የመጻፍ ፈቃድ እንዲሰጥና ቁልፉ ሲጠፋ ፈቃዱም እንዲሻር ማድረግ ነው። ትንሽ ሥርዓት ግን ይህን ሁሉ ላያስፈልገው ይችላል፤ አጭር የቆይታ ጊዜ ስሕተቱ ለዘላለም እንዳይቆይ ያደርጋል። የማብቂያ ጊዜ የሌለው የግል ቁልፍ በምንም ምክንያት አይኑር።

ኢታግ ለግል ምላሽ ይሆናል?

ኢታግ ሰርቨሩ ለአንድ ይዘት የሚሰጠው የመለያ ምልክት ነው። በጣም ይሆናል፤ እንዲያውም ካሽ እንዲሆን ለተፈታ የግል መረጃ የምመርጠው «ፕራይቬት፣ ኖ-ካሽ» ከኢታግ ጋር ነው። ብሮውዘሩ ቅጂውን ይይዛል፤ በየጥሪው «ይህ አሁንም ያው ነው?» ብሎ በኢፍ-ነን-ማች ሄደር ይጠይቃል፤ ካልተቀየረ አካል የሌለው 304 ይመለስለታል። ሰርቨሩ በየጊዜው ስለሚጠየቅ ፈቃዱ የተነጠቀ ሰው ወዲያው ይታገዳል። ጥንቃቄው አንድ ነው፤ 304 ከመመለሱ በፊት ፈቃድ ይመርመር። ኢታጉም ከዳታቤዙ መዝገብ ሳይሆን ለዚያ ተጠቃሚ ከሚታየው ይዘት ይሠራ፤ መዝገቡ ሳይቀየር ተጠቃሚው የሚፈቀድለት መስክ ሊቀየር ይችላልና።

ሰርቨርለስ ላይ እያንዳንዱ ጥሪ ብቻውን ስለሚሠራ ግሎባል ቫሪያብል አያሰጋም፤ እውነት ነው?

አይደለም። አማዞን ላምዳን የመሳሰሉ ሰርቨርለስ አገልግሎቶች (ሰርቨር ሳያስተዳድሩ ኮድ የሚያስኬዱባቸው) አንድ ጊዜ የተነሣውን የማስፈጸሚያ ከባቢ ለቀጣይ ጥሪዎች ደግመው ይጠቀሙበታል። ከተግባሩ ውጭ የተቀመጠ ቫሪያብል እሴቱን ይዞ ይቆያል፤ «የአሁኑ ተጠቃሚ» የሚል ቫሪያብል እዚያ ካለ ለቀጣዩ ሰው ይተርፋል። በሙከራ ጊዜ አይታይም፤ የሚሞክረው አንድ ሰው ስለሆነ። ግሎባል ቦታው ለዳታቤዝ ግንኙነትና ለውቅር ይሁን፤ የተጠቃሚ ነገር ሁሉ ከጥሪው ጋር ይምጣና ከጥሪው ጋር ይሂድ።

ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሌላ ሰው መረጃ ሊወጣ ይችላል?

ይችላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 2023 ቻትጂፒቲ ላይ የደረሰው ለዚህ ምሳሌ ነው። ችግሩ የነበረው ከሬዲስ ጋር የሚያገናኘው የፓይተን ላይብረሪ ላይ ነው፤ የተላከ ጥያቄ ምላሹ ሳይነበብ ሲሰረዝ ግንኙነቱ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ቀጣዩ ጠያቂ የቀድሞውን ሰው ምላሽ ይቀበል ነበር። ተጠቃሚዎች የሌሎችን የውይይት ርእሶች አዩ፤ ኦፕንኤአይ እንደገለጸው በአንድ የዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከነበሩት ተከፋይ ተመዝጋቢዎች የ1.2 በመቶው የክፍያ መረጃም ሳይጋለጥ አልቀረም። ለዚህ ዓይነቱ መድኃኒት በተቀመጠው እሴት ውስጥ የባለቤቱን መለያ አብሮ መጻፍ ነው። ሲነበብ ባለቤቱና ጠያቂው ካልተመሳሰሉ እሴቱ ይጣላል፣ ማስጠንቀቂያም ይነሣል። ዋጋው ጥቂት ባይት ነው።

ሌላው መንገድ ጥሪዎችን ማዋሐድ ነው። አንድ ቁልፍ የሚፈልጉ ጥሪዎች በአንድ ጊዜ ሲመጡ አንዱ ብቻ ወደ ዳታቤዝ ሄዶ ውጤቱ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ «ጎ» (Go) በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ሲንግልፍላይት» የሚባለው ይህን ይሠራል። እዚህ ምንም አልተቀመጠም ተብሎ ቁልፉ ችላ ይባላል። ይሁን እንጂ ውጤቱን የሚጋሩት ሰዎች የተለያዩ ከሆኑ መረጃው ያው ሾልኳል።

ሦስተኛው የጥድፊያ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 በቫልቭ ኩባንያ የጨዋታ መሸጫ በስቲም ላይ ጥቃት ሲደርስ ጫናውን ለመቋቋም የተተከለ የካሽ ውቅር የገቡ ተጠቃሚዎችን ገጾች ጭምር አስቀመጠ፤ ቫልቭ እንደገለጸው የ34 ሺህ ገደማ ተጠቃሚዎች ገጽ ለሌሎች ሊታይ በቅቷል። በአደጋ ጊዜ የሚበራ የካሽ ውቅር በሰላሙ ጊዜ ተጽፎና ተሞክሮ ይቀመጥ።

ዌብ ካሽ ዲሴፕሽን የሚባለው ጥቃትስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2017 ኦመር ጊል የተባለ ተመራማሪ ያሳወቀው ዘዴ ነው። አጥቂው የግል ገጹን አድራሻ ወስዶ መጨረሻው ላይ የሌለ የሥዕል ወይም የስታይል ፋይል ስም ይቀጥልበታል፤ ሊንኩንም ለተጠቂው ይልካል። ዋናው ሰርቨር የተቀጠለውን ቸል ብሎ የተጠቂውን ገጽ ይመልሳል፤ ሲዲኤኑ ግን የፋይሉን ቅጥያ አይቶ «ይህ የማይለወጥ ፋይል ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ከዚያ አጥቂው ያንኑ አድራሻ ከፍቶ ያነባል።

መከላከያው ሁለት ወገን አለው። ኤፒአዩ የማያውቀውን አድራሻ በ404 ይመልስ እንጂ ቅርብ ወደሚመስለው አያዙረው። ሲዲኤኑ ደግሞ በቅጥያ ሳይሆን በዋናው ሰርቨር ሄደር ይመራ፤ ኤፒአዩ ካለበት መንገድ ሥር በቅጥያ የሚወስን ሕግ አይኑር።

ከመልቀቄ በፊት እንዴት ልሞክረው?

በሁለት ተጠቃሚ። የመጀመሪያው ይጠይቅ፤ ሁለተኛው ያንኑ አድራሻ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ ያልገባ ሰው ይጠይቅ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን መለያ በምላሹ ውስጥ ካገኘ ወይም ሦስተኛው ከ401 (ማንነት አልተረጋገጠም ከሚለው) ሌላ ነገር ካየ ሙከራው ይውደቅ። ይህ በእጅ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም፤ በእያንዳንዱ ልቀት የሚሮጥ ሆኖ፣ በእውነተኛው ሲዲኤንና ጌትዌይ በኩል ማለፍ አለበት። በገንቢው ኮምፒውተር ላይ እነዚያ ንብርብሮች ስለሌሉ እዚያ ማለፉ ብዙም አይናገርም። «ኤጅ» (Age፣ የምላሹ ዕድሜ) የሚለው ሄደር በግል ምላሽ ላይ ከታየ ምላሹ ከካሽ እንደመጣ ይወቁ። ጥሪዎቹን በተመሳሳይ ቅጽበት የሚልክ ሙከራም ይጨምሩ፤ የመዋሐድና የግሎባል ቫሪያብል ስሕተቶች የሚወጡት በዚያ ነው።

የሰው መረጃ ለሌላ ሰው እየታየ መሆኑን ብናውቅ መጀመሪያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ካሹን ይዝጉ፤ ከዚያ ያጽዱ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ የጸዳው ካሽ በዚያው የተሳሳተ ውቅር ወዲያው ይሞላል። የተቀመጠው ምላሽ ሴት-ኩኪ ይዞ ከነበረ ጉዳዩ ከማየት አልፏል፤ ሌላው ሰው የተጠቂውን ክፍለ ጊዜ ተቀብሎ በስሙ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ የነበሩ ክፍለ ጊዜዎች በሙሉ ይሻሩ። የሲዲኤንና የጌትዌይ ሎጎች ዕድሜያቸው አጭር ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሳይጀመር ቅጂያቸው ይወሰድ፤ ማን የማንን አየ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከእነሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሚመለከተው ድርጅት ጥሰቱን ካወቀ በኋላ ለሚመለከተው ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ የሕግ ክፍሉ ከመጀመሪያው ሰዓት ይጠራ።

ወደ ብሮውዘሮች የሄዱትን ቅጂዎች ከሰርቨር ወገን ጠርቶ ማጥፋት አይቻልም። ክሊር-ሳይት-ዳታ የሚለውን ሄደር በቀጣዩ ምላሽ መላክ የሚደግፉት ብሮውዘሮች የያዙትን እንዲጥሉ ያደርጋል፤ የሚሠራው ግን ተጠቃሚው ተመልሶ ሲመጣ ብቻ ነው።